የድሮ ሸክላ በምን ይለበድ? የሽፋን ምርጫ ንጽጽር

ነገሩን ያስጀመረኝ አክስቴ ቁም ሣጥን ላይ ዓመታት የተቀመጠ ካርቶን ነው። ሳወርደው ከበደኝ፤ መጽሐፍ መሰለኝ። ከፍቼ ሳየው የዘፈን ሸክላ ነው። ያውም የጥንቱ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው፣ ከባዱ። አንዱን በጫፉ ይዤ ሳብ ሳደርገው ሽፋኑ እንደ ድርቆሽ ተንኮሻኮሸ። ግማሹ እጄ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ሸክላው ግን ደህና ነበር፤ ቡናማ ብናኝ ብቻ ለብሷል።

«ይኼን ቆሻሻ ጣለውና በላስቲክ ጠቅልለው» አለችኝ አክስቴ።

ሁለቱንም አላደረግሁም። ጥሩ ነው ያላደረግሁት። ግን ታዲያ ምን ላድርግ? ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሻጩ ሁሉ የራሱን ሽፋን «ምርጥ» ይላል። አንዱ ላስቲክ፣ ሌላው ወረቀት፣ ሦስተኛው ሁለቱን የደባለቀ ይሸጣል። ለምን እንደሚሻል የሚነግር ግን ጥቂት ነው። ይኼ ጽሑፍ ያኔ ባገኘሁት ብዬ የተመኘሁት ነው። የማንንም ዕቃ አላሞግስም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ የያዛችሁት የትኛው ሸክላ ነው?

እኛ ሸክላ ስንል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። ለአንዱ የሚስማማው ሽፋን ለሌላው ላይስማማ ይችላል።

የመጀመሪያው ሼላክ ነው። ከ1890ዎቹ አጋማሽ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ዓለም ዘፈን የሰማው ባብዛኛው በእሱ ነው። ሼላክ ሕንድና ታይላንድ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ላክ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው። ፋብሪካው ሙጫውን ከተፈጨ ድንጋይ፣ ከጥላሸትና ከጥጥ ቃጫ ጋር ለውሶ በሙቀት ይጨምቀዋል። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሙጫው ሳይሆን ድንጋዩ ነው። ድንጋዩም ያለ ሥራ አልገባም፤ የብረት መርፌውን ሞርዶ ድምፁ በተቀረጸበት መስመር ልክ ያደርገዋል። ሸክላው መርፌውን ይበላል፣ መርፌውም ሸክላውን። በድንጋዩ የተነሳ አንድ 12 ኢንች (30 ሳንቲ ሜትር) ሼላክ ከ300 ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። አይተጣጠፍም። ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ነው።

ሁለተኛው ቪናይል ነው። ቀለል ይላል፣ ትንሽ ይለመጣል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ግን ቶሎ ይጫራል። እኛ ቤቶች ውስጥ በብዛት ያለው ትንሹ 7 ኢንች ሸክላ፣ ከ1969 ጀምሮ አምሃ ሪከርድስ፣ ቀጥሎም ካይፋ ያሳተሙት ዓይነት፣ ቪናይል ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ሄደው ያስቀዱት ግን ሼላክ ነው። በሁለቱ መካከል ስድሳ ዓመት ያህል አለ።

ለመለየት አትለምጡት! ሼላክ ከሆነ መለመጡ የመጨረሻው ይሆናል። መሃሉ ላይ በተለጠፈው ክብ የወረቀት መለያ ላይ 78 የሚል ፈልጉ። ከሌለ ጫፉን በጥፍር ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ሼላክ እንደ ሳህን «ቃ» ይላል፣ ቪናይል ድምፁ የታፈነ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ወይም ጫፉ ላይ አልሙኒየም ብልጭ ካለ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ በአንድ ቅጂ የሚቀዳ፣ ቀለም የተቀባ ብረት። እሱን አትንኩት፣ አታጽዱት፣ ለባለሙያ አሳዩት።

አንድ ነገር አሁኑኑ ልበል። አልኮል ሼላክን ያሟሟል። የእጅ ማጽጃም፣ የመስታወት ማጽጃም እንዳይነካው። እኔ በአንዱ ላይ ሞክሬው የመለያውን ዙሪያ ያጨማለቅሁት ሸክላ እስካሁን አለኝ።

ለመሸጥ የተሠራ ወረቀት

ሽፋን ለመምረጥ ታሪክ ለምን ያስፈልጋል? የድሮው ሽፋን ሲሠራ ሰውየው ምን አስቦ እንደሠራው ካላወቅን፣ የሚችለውንም የማይችለውንም አናውቅምና ነው።

ከዲስኩ በፊት ድምፅ የሚቀዳው በሰም ሲሊንደር ላይ ነበር። ሲሊንደሩም ውስጡ ጥጥ የለበሰ የካርቶን ቱቦ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት የድምፅ መልእክት በሲሊንደር ነው። ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ ጠፋ። ንጉሡና እቴጌይቱ የላኩት መልስ ግን ዛሬም ይሰማል። እንግዲህ ሲሊንደር ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ ካርቶኑን ጠብቁ፤ የቀረው ጽሑፍ ስለ ጠፍጣፋው ነው።

ጠፍጣፋውን ዲስክ ያመጣው ኤሚል በርሊነር ነው፤ የባለቤትነት መብቱን በ1887 አገኘ። መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ በ1890 ገደማ እንደ ልጆች መጫወቻ ነበር የተሸጠው። በኋላ አሜሪካ ሲገባ መጀመሪያ ከጠንካራ ላስቲክ፣ ከዚያ ከሼላክ ተሠራ። በዚያ ዘመን መሃሉ ላይ የወረቀት መለያ የለውም። የዘፈኑ ስም እዚያው ሸክላው ላይ ተጭሮ ነው የሚነበበው። የወረቀት መለያ የመጣው በ1900 ነው። የሽፋኑ ክብ ቀዳዳ ትርጉም ያገኘውም ከዚያ ወዲህ ነው፦ ባለሱቁ ሸክላውን ሳያወጣ ስሙን አንብቦ ለደንበኛው ያቀብላል። ኦዴዮን የተባለው የበርሊን ኩባንያ በ1904 ሁለት ፊት ያለው ሸክላ ይዞ ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1908 ተከተለ። ሁለት ፊት ካለ ሁለት መለያ አለ፤ ከሁለቱም በኩል መታየት አለበት።

ወረቀቱ ራሱ? ባለሱቅ ስኳር ከሚጠቀልልበት ብዙም አይለይም። ቡናማ፣ ተራ፣ ርካሽ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ነው፤ ቀለም እንዳይመጠው ደግሞ አልም የሚባል ጨውና የዛፍ ሙጫ ይጨመርበት ነበር። ይኼ ቅመም ከጊዜ ጋር አሲድ ይሆናል። አሲዱ የወረቀቱን ቃጫ ይቆራርጠዋል። የድሮ ጋዜጣ ለምን እንደሚቢጫና እንደሚሰባበር የምታውቁ ከሆነ የአክስቴ ሽፋን ለምን ድርቆሽ እንደሆነ አወቃችሁ ማለት ነው።

ባዶ ወረቀት ደግሞ ለነጋዴ ባዶ ግድግዳ ነው። ወዲያው ማስታወቂያ ሞላበት። የሱቁ ስምና አድራሻ። የግራሞፎን ሥዕል። «መርፌውን በእያንዳንዱ ፊት ቀይሩ» የሚል ምክር፣ ምክሩን የሚሰጠው ደግሞ መርፌ ሻጩ። ዛሬ ሽፋኑን ውድ ያደረገው ይኼ ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ዘመኑን ይናገራል። ቪክተር በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሽፋን ላይ «ኦርቶፎኒክ» የሚል ካያችሁ ከ1925 በፊት የታተመ አይደለም። «አርሲኤ ቪክተር» ካለ ከ1929 በፊት አይደለም። ኢኤምአይ የሚል ካለ ደግሞ ኩባንያው የተመሠረተው በ1931 ነው።

ግን አደራ፣ በሽፋኑ የሸክላውን ዕድሜ አትገምቱ። ሰው ዘፈን ሰምቶ ሲጨርስ እጁ ያገኘው ሽፋን ውስጥ ነው የሚከተው። የቪክተር ሽፋን ውስጥ የኦዴዮን ሸክላ ማግኘት የተለመደ ነው።

አልበም የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ወረቀት ነው። አንድ 12 ኢንች ሼላክ በአንድ ፊት የሚይዘው አራት ደቂቃ ከትንሽ ነው። ረጅም ሥራ ከሆነ ብዙ ሸክላ ይፈልጋል። ኦዴዮን በ1909 የሩሲያዊውን አቀናባሪ የቻይኮቭስኪን «ነትክራከር» በአራት ሸክላ አንድ ላይ አድርጎ አወጣ። ሱቆችም ባዶ የወረቀት ኪሶች በጠንካራ ልባድ ተጠርዘው፣ ልክ እንደ ፎቶ አልበም፣ ይሸጡ ጀመር። ልባዳቸው ቡናማ ወይም ጥቁር ነበር፤ መደርደሪያ ላይ ጀርባቸው ብቻ ስለሚታይ ፈረንጆቹ «የመቃብር ድንጋይ» ይሏቸው ነበር። አሌክስ ስታይንዋይስ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ሠዓሊ ነው በ1940 ኮሎምቢያ ውስጥ ልባዱ ላይ ሥዕል ያስገባው። በ1948 ደግሞ ረጅሙ የቪናይል ሸክላ መጣ፤ ሙሉው ሥራ አንድ ሸክላ ላይ ገባ። ኪሶቹ ቀሩ፣ ስሙ ብቻ ቀጠለ።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ይኼ ወረቀት ሸክላውን ከሱቅ እስከ ቤት ለማድረስ ተሠራ። መቶ ዓመት እንዲያኖር ማንም አላሰበም። እንደ ታሪክ ሰነድ ድንቅ ነው፤ እንደ መኖሪያ ቤት ግን አይሆንም።

መለኪያዎቹ

ዋጋ ከማየታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

እርጥበት። ለሼላክ እኔ አንደኛ የማደርገው ይኼን ነው። ሻጋታ የጥጡንም የመለያውንም ወረቀት ይወዳል፣ ከበላ በኋላ ምልክቱ ከመስመሩ አይወጣም። ሽፋኑ መተንፈስ አለበት።

ጥንካሬ። ከባድ ዕቃ ነው። ስስ ኪስ ከታች በኩል ተቀዶ ሸክላው እግራችሁ ላይ ያርፋል።

ብናኝና ጭረት። ወረቀቱ ሻካራ ከሆነ ሲወጣና ሲገባ ሸክላውን ይፈገፍጋል። ሼላክ ይችለዋል፣ ቪናይል አይችለውም።

አሲድ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኼን ነው። አሲዳማ ወረቀት ከሸክላው ይልቅ ራሱንና መሃል ያለውን መለያ ነው የሚጎዳው። ግን ራሱን ሲጎዳ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው ደግሞ መስመሩ ውስጥ ይገባል። ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

ከኬሚካል ነፃ መሆን። ይኼ የላስቲኮቹ ጉዳይ ነው።

መለያውን ማሳየት እንደ መለኪያ ይነሳል። እኔ ግን አልቆጥረውም። ቀዳዳ ማለት አቧራ የሚገባበት በር ነው፤ ስሙን ሽፋኑ ላይ በእርሳስ ብትጽፉት ያው ይነበባል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

የጥንቱ ሽፋን። እንዳለ መተው ነፃ ነው፣ ደግሞም ያምራል። ችግሩን ነግሬያችኋለሁ። ወረቀቱ ገና ለስላሳ ከሆነ፣ ሲታጠፍ ካልተሰነጠቀ፣ ሸክላውም ብዙ የማይወጣ ከሆነ ለጊዜው ይቆይ። ከተንኮሻኮሸ ለዩአቸው። መለየት ማለት ግን መጣል ማለት አይደለም፤ ሽፋኑን በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሃል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በፕላስተር አትጠግኑት። የፕላስተር ሙጫ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ዘልቆ ይገባል፤ ያኔ ማስለቀቂያ የለውም።

አዲስ ካኪ ወረቀት። ደብተር የምንለብድበት ዓይነት። ጠንካራ ነው፣ ይተነፍሳል፣ የትም ይገኛል። ሻካራ ነው፣ ብዙውም አሲድ አለበት። ለሼላክ እንደ ሁለተኛ ምርጫ አልጠላውም፤ ግን በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ እንዳለበት አውቃችሁ ግቡ። ለቪናይል አይሆንም።

ከአሲድ ነፃ ወረቀት። ለሼላክ የኔ ምርጫ ይኼ ነው። ይተነፍሳል፣ አይፈረፈርም፣ ከባዱን ይሸከማል። ከወፍራሙ ግዙ። ሻጩ «ከአሲድ ነፃ» ስላለ ብቻ አትመኑት። ለወረቀት የሚሠራ የአሲድ መፈተሻ ብዕር አለ። ጫፉ ላይ ትንሽ መስመር ስታሰምሩበት ወይን ጠጅ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ አሲድ አለው። ከአሲድ ነፃ ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ ጥቅል በብዕሩ ሲፈተን እንደ እርድ ቢጫ ሆኖብኛል። መለስኩት።

ገዝታችሁ ማስመጣት ካስቸገረ ራሳችሁ ሥሩት። ከባድ አይደለም። ለ10 ኢንች (25 ሳንቲ ሜትር) ሸክላ አንድ ኤ2 ወረቀት ይበቃል። 54 በ31 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ርዝመቱን መሃል ላይ እጠፉት፤ ሁለት የ27 ገጽ ይሆናል። ከአንዱ ገጽ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ክንፍ ትታችሁ ከሌላኛው ገጽ ያንኑ ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ። ክንፎቹን ወደ ውጭ፣ በሌላው ገጽ ጀርባ ላይ አጥፉና በኮላ ለጥፉ። ኮላው ውስጥ እንዳይገባ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሸክላ አትክተቱ። ለ7 ኢንች ኤ3 ይበቃል፤ 38 በ23 ቁረጡ። ለ12 ኢንች ግን ኤ2 አይበቃም፣ ኤ1 ያስፈልጋል። እኔ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሃያ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጠማማ ናቸው፣ ግን ይሠራሉ።

ውስጡ ስስ ላስቲክ የተለጠፈበት ወረቀት። ከውጭ ወረቀት፣ ከውስጥ ፖሊኤቲሊን፣ ማለትም ፌስታል የሚሠራበት ዓይነት ላስቲክ። ለቪናይል ይኼን የሚያክል የለም። ለስላሳ ነው፣ አይጭርም፣ ከሸክላው ጋር አይጣበቅም። ለሼላክስ? ቤታችሁ ደረቅ ከሆነ ይቻላል። እርጥብ ከሆነ ላስቲኩ እርጥበቱን አቅፎ ይይዛል። የሼላክ ጫፍም ስሱን ላስቲክ እየቆነጠጠ ያጨማድደዋል።

ሙሉ ላስቲክ። እዚህ ላይ ሁሉም ላስቲክ አንድ አይደለም። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ለቪናይል ጉዳት የላቸውም። ፒቪሲ ግን ጠላት ነው። ፒቪሲ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ዘይት መሰል ቅመም ቀስ እያለ ይወጣና ቪናይሉ ላይ ጭጋግ ይተዋል፤ ጭጋጉ በመታጠብ አይሄድም። እንዴት ይለያል? አሽትቱት። አዲስ የጠረጴዛ ላስቲክ የሚሸተውን ሽታ ከሸተተ ፒቪሲ ነው። ወፈር ብሎ፣ እንደ መስታወት የሚያበራና እጅ ላይ ለጠፍ የሚል ከሆነም ጠርጥሩ። ለሼላክ የትኛውንም ሙሉ ላስቲክ አልመክርም። አክስቴ ይቅር ትበለኝ።

ግላሲን። ከፊል የሚያሳይ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ አብረቅራቂ ወረቀት ነው። አዲስ ሲሆን ደስ ይላል። ሲያረጅ ይጨማደዳል፣ አሲድ ይሆናል፣ ጭምድዱንም ሸክላው ላይ ያትማል። እለፉት።

የጥንቱ አልበም። ሥዕል ያለበት ከሆነ ዕቃው ራሱ ቅርስ ነው። ግን ሸክላ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው። አልበሙ ሲከፈት የኪሱ አፍ ሸክላውን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፤ ሰው ደግሞ ችኩል ነው፣ ይስበዋል። አንዱ ኪስ ከጥርዙ ከተላቀቀ ሸክላው ሲወድቅ ቀጥሎ ያለውን ይዞት ይሄዳል። ሸክላዎቹን አውጡና በየሽፋናቸው አድርጉ። አልበሙን ባዶውን፣ በሸክላዎቹ ምትክ ካርቶን አስገብታችሁ አስቀምጡ፤ ቅርጹ እንዳይጨፈለቅ።

ካርቶን። ለብቻው ሽፋን አይሆንም፤ ብዙው ከተጣለ ወረቀት የተሠራና አሲዳማ ነው። ግን በየአሥር ሸክላው መሃል እንደ አካፋይ፣ ወይም ለተሰነጠቀ ሸክላ እንደ ደጋፊ ጥሩ ነው። የተሰነጠቀውን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋችሁ ከሌሎቹ ለይታችሁ አጋድሙት። የተሰበረውን በኮላ አታጣብቁ፤ ስብርባሪው ንጹሕ ከሆነ ባለሙያ ገጣጥሞ ድምፁን ሊያወጣው ይችላል።

| ዓይነት | አሲድ | ጭረትና ብናኝ | እርጥበት | ጥንካሬ | ዋጋ | ለሼላክ | ለቪናይል |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| የጥንቱ ሽፋን | ብዙ | ይፈረፈራል | ይተነፍሳል | ደካማ | ነፃ | ለጊዜው | አይሆንም |
| አዲስ ካኪ | አለው | ሻካራ | ይተነፍሳል | ጥሩ | ርካሽ | ይቻላል | አይሆንም |
| ከአሲድ ነፃ ወረቀት | የለውም | መካከለኛ | ይተነፍሳል | ጥሩ | መካከለኛ | ምርጥ | ይቻላል |
| ላስቲክ የተለጠፈበት ወረቀት | እንደ ወረቀቱ | ለስላሳ | ይይዛል | መካከለኛ | መካከለኛ | ደረቅ ቤት ብቻ | ምርጥ |
| ፖሊኤቲሊን ብቻውን | የለውም | ለስላሳ | ይይዛል | ደካማ | ርካሽ | አይሆንም | ጥሩ |
| ፒቪሲ | ቅመም ያወጣል | ይለጠፋል | ይይዛል | ጥሩ | ርካሽ | አይሆንም | በጭራሽ |
| ግላሲን | አለው | ጭምድድ ያትማል | መካከለኛ | ደካማ | ርካሽ | አይሆንም | አይሆንም |
| የጥንቱ አልበም | ብዙ | መካከለኛ | መካከለኛ | ሸክላ ይሰብራል | ነፃ | አውጡት | — |

ለማን የትኛው?

ከአባት ወይም ከአያት የቀሩ አሥር ሃያ ሸክላዎች ያላችሁና ገንዘብ ማውጣት የማትፈልጉ፦ ከአሲድ ነፃ ወረቀት በትልቅ ገጽ ገዝታችሁ ራሳችሁ ሥሩ። የምታወጡት የወረቀትና የኮላ ብቻ ነው። ወረቀቱ ካልተገኘ ካኪ ይሁን፤ ምንም ካለማድረግ በብዙ ይሻላል።

ያላችሁ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአማርኛ 7 ኢንች ቪናይል ከሆነ፦ ላስቲክ የተለጠፈበት ወረቀት ግዙ። የሽፋኑን ሥዕል አትጣሉ፤ ሸክላውን አዲሱ ውስጥ አድርጋችሁ ሥዕላዊውን ከጎኑ አቁሙት። እዚህ ላይ ገንዘብ ብትቆጥቡ አልደግፋችሁም። የሸክላ ነጋዴዎች መጀመሪያ የሚያዩት ጭረቱን ነው።

የምትሰበስቡና በመቶ የሚቆጠር ያላችሁ፦ በየዓይነቱ ለዩ፣ በየመጠኑ ለዩ። 10 ኢንችን ከ12 ኢንች ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አትደባልቁ። ትልቁ ከላይ በኩል ደጋፊ አጥቶ ይጎብጣል። ፓቴ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ 35 ሳንቲ ሜትር እና ከዚያም የሚበልጡ ሸክላዎች ነበሩት፤ ለነሱ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሽፋን አትጠብቁ፣ ሥሩ። የኤዲሰን ዳይመንድ ዲስክ ደግሞ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሌላው ሽፋን አይበቃውም፤ በግድ ከከተታችሁት ስፌቱ ይለቃል።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ያላችሁ፣ ወይም አሜሪካ ቤዝመንት ውስጥ የምታስቀምጡ፦ ከሽፋኑ በፊት ቦታውን አስተካክሉ። ሼላክ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይጠማዘዛል። መኪና ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ ማሞቂያ አጠገብ አይሁን። ቤዝመንቱ እርጥበት ካለው ወደ ላይ አውጡት። አዲስ አበባም ክረምት ላይ ሸክላን ከውጭ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ማስቀመጥ ሻጋታ መጥራት ነው፤ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ይበል።

ለሙዚየም ወይም ለቤተ መጻሕፍት ልትሰጡ ያሰባችሁ፦ ምንም አትቀይሩ። የጥንቱን ሽፋንም ሸክላውንም እንዳሉ ስጡ። እነሱ ይለዩታል።

ስትቀይሩ

እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርጉ። ሸክላውን በጫፉና በመለያው ብቻ ያዙ፣ መስመሩን አትንኩ። ሽፋኑን ከሸክላው ላይ ሳቡ እንጂ ሸክላውን ከሽፋኑ ውስጥ አትሳቡ። የተንኮሻኮሸ ከሆነ ጎኑን በመቀስ ከፍታችሁ እንደ መጽሐፍ ግለጡት። እኔ የመጀመሪያውን ሽፋን ያጣሁት ይኼን ስላላወቅሁ ነው። ብናኙን ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይዛችሁ መስመሩን ተከትላችሁ በክብ ጥረጉ።

ሽፋኑን ከሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱ። አዲሱ ላይ የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ስምና መለያው ላይ ያለውን ቁጥር በእርሳስ ጻፉ። ባዶ ሳለ ጻፉ፤ ሸክላው ውስጥ እያለ ተጭናችሁ ከጻፋችሁ ጽሕፈታችሁ ወደ ሸክላው ይዘልቃል። ከማን ቤት እንደመጣም ጨምሩበት። ከዚያ አቁሙት፤ ሳይጠብቅም ሳይላላም፣ ቀጥ ብሎ።

የአክስቴ ካርቶን ውስጥ አሥራ አራት ነበሩ። አሥራ ሦስቱ አሁን ቆመዋል። አንዱ ተሰንጥቋል፣ በሁለት ካርቶን መሃል ተጋድሟል። የተፈረፈረውን ሽፋን ቁርጥራጭ ለቅሜ በፖስታ አድርጌዋለሁ፤ አንደኛው ቁራጭ ላይ የሱቁ ስም ግማሹ አለ፣ ሌላውን ግማሽ ገና ምንጣፉ ሥር እየፈለግሁ ነው።